ያወጅኩት ቃል ለምን አልሆነም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሁሉም የመጡት ከከተማዋ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶና ከለገጣፎ። የሚጠይቁትም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ የእግዚአብሔርን ቃል ድምፅን ከፍ አድርጎ ስለ መናገር። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሸክሟ ስለከበደኝ አብዛኛውን ቦታ ለእርሷ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እባክዎ ስሜን እንዳያወጡት። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትሄዳለች። ሌሊት ተነሥተን፣ ደግፌ ደረጃውን አወርዳትና በቱሉ ዲምቱ አድርገን ወደ ከተማ እንገባለን። አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ትቆያለች። ስንመለስ ደረጃው መሐል ሁለቴ ሦስቴ ሳትቀመጥ ቤት አትደርስም።

እኔ ጌታን የተቀበልኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፤ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። የጸሎት ቡድናችን «ቃሉን አውጂባት» አሉኝ። «በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን» የሚለውን በትልልቁ ጽፌ ከአልጋዋ በላይ ለጠፍኩ። ጠዋትና ማታ አጠገቧ ቆሜ ጮክ ብዬ አውጃለሁ። ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው ስለተባልኩ «አመመኝ»፣ «ደከመኝ» እንዳትል ከለከልኳት። አንድ ወጣት አገልጋይ ደግሞ «እምነታችሁ ሙሉ ቢሆን ኖሮ እጥበቱን ታቆሙት ነበር» አለኝ። ባለፈው ሰሞን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ደክሞኛል ማለት እንኳ ከለከልሽኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አፌ ተያዘ። ለራሴም መጸለይ አቃተኝ። እምነቴ ጎድሎ ነው? ወይስ ቃሉ ነው ያልሠራው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ እምነት ከመነጋገራችን በፊት ስለ እጥበቱ ልናገር። እጥበቱ አንድም ቀን እንዳይቀር። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም፣ በሽንት መውጣት የነበረበት ውሃና ቆሻሻ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በተለይ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲከማች ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ማሽኑ በእነዚያ አራት ሰዓታት ከእናትሽ ደም የሚያጣራው ይህንን ነው። ኩላሊቱ ፈጽሞ ሥራ ያቆመ ሰው እጥበት ካቋረጠ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ለቀናት፣ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ያ ወንድም ያላት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነች አላወቀም። አንቺ ግን እወቂ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም በተያዘ ጊዜ እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ» ብሎታል፤ 15 ዓመትም በዕድሜው ላይ ጨምሮለታል። ከዚህ የበለጠ የታመነ የተስፋ ቃል ማን ተቀብሎ ያውቃል? ነገር ግን እዚያው 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ፣ ተስፋውን ያመጣው ነቢይ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ ሲያዝ እናነባለን። በእባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነም። ኢሳይያስ ጥፍጥፉን ሲያዝ ተስፋውን ተጠራጠረ የሚል ሰው የለም። እናትሽም ወደ ማሽኑ ስትሄድ እግዚአብሔርን ትታ አልሄደችም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እምነትሽ ጎድሎ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ይህ ሰው ሙሉ እምነት እንደሌለው በራሱ አፍ ነው የመሰከረው። ጌታም «እንግዲያው ሄደህ እምነትህን ሞልተህ ተመለስ» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። በሌላ በኩል ጳውሎስን ተመልከቺ። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ጌታን ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር። ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት»። ከአካሉ ጨርቅ ተወስዶ በሽተኞች የዳኑበት ሐዋርያ፣ የአገልግሎት ባልንጀራውን ታሞ ትቶት ሄደ። ጥሮፊሞስን አልነቀፈውም። እምነቱንም አልመዘነም። መታመሙን ጻፈ፤ ያ መልእክትም እኛ ዘንድ የደረሰው መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ ነው።

እኛም ከቤታችን የምናውቀው ምስክር አለን። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለረጅም ዓመታት በእስር ማቅቀዋል። «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም» የሚለው መዝሙር በእርሳቸውም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነበር። ታዲያ በእርሳቸው እምነት ላይ ጣቱን የሚቀስር ማን ነው? እኔ በዚያ ዘመን የነበርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ሲባል አልሰማሁም። በታመመ ሰው ላይ ግን እንዴት ቀለለን?

ልጄ፣ ቃሉን ማወጅ መልካም ነገር ነው። እኔም አውጃለሁ። ጥያቄው የትኛውን ቃል፣ ምን ያህሉን፣ ወደ ማን ነው የሚለው ነው። ያንኑ መዝሙር 91ን ሰይጣንም አውጆታል። ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «በእጃቸው ያነሡሃል ተብሎ ተጽፎአል» አለው። ጥቅሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከምዕራፉ ተቆርጦ እግዚአብሔርን ማስገደጃ ሊያደርገው ፈለገ። ጌታ የመለሰለት «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ ተጽፎአል» ብሎ ነው። ለእናትሽ ያወጅሽውን ጥቅስ ማንም አይነጥቅሽም። ነገር ግን ከአጠገቡ ደግሞ የተጻፈውን አብረሽ እንድታነቢ እለምንሻለሁ።

ኢሳይያስ 53ን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረሽ አንብቢላት። «የሕመም ሰው» የሚለው ማንን ነው? በአልጋ ላይ ያለችውን እናትሽን የሚያውቃትን እርሱን ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 8 ይህንኑ ትንቢት ጌታ በሽተኞችን ሲፈውስ ጠቅሶታል፤ ስለዚህ የሥጋን ፈውስ ከእርሱ መለመን ትክክል ነው፤ ተስፋም አለው። ጴጥሮስ ደግሞ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ «በመገረፉ ቁስል ተፈወሳችሁ» ሲል የጻፈው ጌቶቻቸው ያለ በደላቸው ለሚደበድቧቸው ባሪያዎች ነው። ያ መልእክት በተነበበላቸው ማግስት እነዚያ ሰዎች እንደገና ሊደበደቡ ይችሉ ነበር። ጴጥሮስ ይህን እያወቀ «ተፈወሳችሁ» አላቸው። እንግዲህ ይህ ቃል በዱላ ሥር ያለ ሰውም የሚይዘው ቃል ነው። ማሽን ላይ ያለች እናትም ትይዘዋለች። አልሠራም አትበዪ።

«ደክሞኛል» እንዳትል የከለከልሽበትን ነገር ግን ዛሬውኑ አንሺላት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 «ኢየሱስም መንገድ ከመሄድ ደክሞ በጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ» ይላል። እናትሽ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ጌታ የተቀመጠውን መቀመጥ ነው የምትቀመጠው። እጥበት ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ውሃ በልክ ስለሆነ ጥሙ ምን እንደሚመስል ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጌታም በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ብሏል። «አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሎም የመዝሙር 22ን ቃል በታላቅ ድምፅ ጮኾአል። በዚያች ሰዓት ካፉ የወጣው አዋጅ ይህ ነበር። ሕመሙን አልካደም፤ ለአባቱ ነገረው እንጂ። በጌቴሴማኒም መጀመሪያ የፈለገውን ለመነ፤ «ብትፈቅድ ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ»። ከዚያ በኋላ ነው «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ያለው። ሁለቱንም ይዘሽ ጸልዪ። የመጀመሪያውን የማትለምን ከሆነ ተስፋ ቆርጠሻል ማለት ነው፤ ሁለተኛውን የማትጨምሪ ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔርን እያዘዝሽ ነው።

አሁን ደግሞ ምን እንደምታደርጊ። የለጠፍሽውን አታውርጂው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ጨምሪበት፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» የሚለውን። መዝሙር 13 ነው፤ አጭር ነው። «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጮኻል፤ መጨረሻው ላይ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ይላል። ሁሉም መዝሙር እንዲህ ዞሮ በምስጋና አያልቅም። መዝሙር 88 በሐዘን ተጀምሮ በሐዘን ያልቃል፤ እግዚአብሔርም ከመጽሐፉ አላወጣውም። ከ150ው መዝሙር ወደ ሲሶ የሚጠጋው ልቅሶና ልመና ነው። የሚያለቅስ ሰው ቃሉን እያወጀ እንዳልሆነ ማን አስተማረን?

እናትሽ ኦርቶዶክስ ናት ብለሽኛል። እንግዲያው ትራስጌዋ ዳዊት አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ዳዊት ደጋሚ ከሆነች አንቺ ከምታውቂው በላይ መዝሙር ታውቃለች። የእርሷ ዳዊት ቁጥሩ ከአንቺው አብዛኛውን ቦታ በአንድ ያንሳል፤ በእርሷ መጽሐፍ ዘጠነኛውና አሥረኛው አንድ መዝሙር ስለሆኑ ነው። ስለዚህ የአንቺ 13 የእርሷ 12 ነው፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው ለአንቺ 23፣ ለእርሷ 22 ነው። በአባቶች ሥርዓት ዳዊት ለየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል፤ ከ1 እስከ 30 ያለው የሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ቁጭ በይና «እማዬ፣ አሥራ ሁለተኛውን አብረን እናድርስ» በያት። በግዕዝ «እስከ ማእዜኑ» ብላ ስትጀምር አንቺ በአማርኛ ተከተያት። እስካሁን ቆመሽ አወጅሽባት፤ አሁን ተቀምጠሽ አብረሻት አንብቢ። ዓይኗ ደክሞ ከሆነ አንቺ አንብቢላት፣ እርሷ በቃሏ ትመልስልሽ። የእናትሽን ጸሎት እንደ ጸሎት ሳትቆጥሪ ዓመታት አልፈው እንደሆነ እሰጋለሁ፤ ብዙ ልጆቻችን እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ ልቤ አዝኗል።

የጸሎት ቡድንሽንም አትተያቸው፤ ሥራ ስጫቸው። በማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው አመጡት። በሩ በሰው ቢሞላ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የሽባው እምነት እንኳ አልተነሣም፤ የታየው የተሸካሚዎቹ እምነት ነው። ያም እምነት የታየው በክንዳቸውና በትከሻቸው ነው። እንግዲህ ይህን አምድ አሳያቸውና እንዲህ በያቸው፦ እትዬ በእጥበቱ ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ወንድ ልጆች አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥተው እማዬን በወንበር ያውርዷት ብለዋል። መኪና ያለው አንዱ በወር አንድ ቀን እንኳ ያድርሳት። የወጣቶቹ መሪ ተራ ያውጣ። ያን አገልጋይም ከእነርሱ ጋር ጥሩት። አንድ ሌሊት ያን ደረጃ ተሸክሟት ይውረድ። ከዚያ በኋላ ስለ እምነት የሚናገረው ሌላ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የታመመ ሰው «የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ይላል። ዘይት ቀብተው ይጸልዩላታል። እናትሽ ከፈቀደች የእናንተን ሽማግሌዎች ጥሪ፤ የንስሐ አባቷ እንዲመጡላት ከፈለገች ደግሞ እርሳቸውን አንቺው ራስሽ ሂጂና ጥሪላት።

አፌ ተያዘ፣ መጸለይ አቃተኝ ብለሻል። ሮሜ 8 «መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል» ይላል። ለጊዜው አትታገዪው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ በምትሄዱበት መኪና ውስጥ እጇን ይዘሽ ዝም በይ። ያም ይሰማል።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቃሉን እያወጅኩ ጮክ ብዬ እጸልያለሁ። ከጎን ያለችው ጎረቤቴ ጡት የሚጠባ ሕፃን አላት፤ ለብሎኩ ኮሚቴ ከሰሰችኝ። ኮሚቴው ጠርቶ ድምፅሽን ቀንሺ አለኝ። ስለ ስሙ መሰደድ ይህ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ይህ የሕፃን እንቅልፍ ጉዳይ ነው። ምሳሌ 27 ቁጥር 14ን አውጥተሽ አንብቢው፤ ባልንጀራውን ማልዶ በታላቅ ድምፅ የሚባርክ ሰው እንደሚረግም ይቆጠርበታል ይላል። ይህ ጥቅስ ሲታወጅ ሰምቼ አላውቅም፤ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። የብሎኬት ግድግዳ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጎረቤት ሳል የሚሰማበት ቤት ነው።

ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እግዚአብሔር ግን ሰማት፤ ሳሙኤልንም ሰጣት። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በታላቅ ድምፅ ሲጮኹ የዋሉት የበኣል ነቢያት ናቸው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቱ ታሽገው በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ስንሰበሰብ በሹክሹክታ ነበር የምንጸልየው። ያኔ ድምፃችንን ያሳነሰው ፍርሃት ነበር። እግዚአብሔር አልሰማንም ብሎ የሚመሰክር ከመካከላችን አንድም የለም። አንቺ ድምፅሽን ብታሳንሺ ለጎረቤትሽ ፍቅር ስትይ ነው፤ ይህ ከእኛው ይሻላል።

ድምፅ አውጥተሽ መጸለይ የምትፈልጊበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስሜቱንም አልነቅፍም። ቤተ ክርስቲያናችሁ የማለዳ ጸሎት ካላት ወደዚያ ሂጂ። ጌታም ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ይጸልይ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ብቻሽን ወደ ጫካው እንዳትወጪ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ነግቶም ይሁን።

ደግሞ ዛሬ ማታ የጎረቤትሽን በር አንኳኪና ይቅርታ ጠይቂያት። ኮሚቴው ስላዘዘሽ እንዳይመስላት አድርጊ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ስትሞላ ሕፃኑን ያዢላት። ስለ ክርስቶስ አንድ ቀን ልትጠይቅሽ ትችላለች። ባትጠይቅሽም ሕፃኑን መያዝሽን አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ እማማ፣ 17 ዓመቴ ነው፣ ለገጣፎ ነው የምኖረው። በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነብ ተመደብኩ። ቆሜ ሳነብ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የሰው ስም ሲበዛ እሰናከላለሁ። አያቴና ሌሎች እናቶች ደግሞ በደንብ የሚሰሙት አፋን ኦሮሞ ነው። የማነበው ለእነርሱ ካልገባ ምን ይጠቅማል? ንባብ ትንሽ አገልግሎት ስለሆነ ለሌላ ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው፣ ልጄ። ትንሽ አገልግሎት ያለህ ማን ነው? ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «እስክመጣ ድረስ ለማንበብና ለመምከር ለማስተማርም ተጠንቀቅ» ሲለው ንባብን አስቀድሟል። ስብከቱ የሰባኪው ነው፤ ሊደክም ይችላል፣ ሊሳሳትም ይችላል። አንተ የምታነበው ግን በዚያ ጠዋት በዚያ ቤት ውስጥ ከሚነገረው ሁሉ የማይሳሳተው ነው። ጃንደረባው ባኮስ ብለን የምንጠራው ኢትዮጵያዊ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ድምፅ አውጥቶ ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ከየት ሰምቶ ይቀርበው ነበር? ሲያነብ የነበረው ያልገባውን ክፍል ነው፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሏል። ያንን ሳያፍር አነበበ።

ስለ ቋንቋው የጠየቅኸው ጥያቄ አስደስቶኛል። ነህምያ 8ን አንብብ። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ሲያነብ፣ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ሕዝቡም ስለገባቸው አለቀሱ። ያንተ አያቶች ቋንቋም ያለ መጽሐፍ አልቀረም። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ ነጻ ከወጣ በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ታተመ። ያኔ የታተመው አማርኛ በምናነብበት ፊደል ነበር። አስቴርም እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣች ነበረች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያን ሁሉ ሥራ የሠሩት ያንተ አያት በሚገባት ቋንቋ ቃሉን እንድትሰማ ነው። ስለዚህ መሪዎችህን ጠይቅና ክፍሉን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአፋን ኦሮሞ አንብብ። ሁለቱን ቋንቋ አንተ ካልቻልክ እኩያህ የሆነች ልጅ ሁለተኛውን ታንብብ። «ጊዜ ይወስዳል» ከተባልክ ክፍሉን አሳጥረው እንጂ ቋንቋውን አትተው።

ስለ መንቀጥቀጡ የምነግርህ ጥቂት ነገር ነው። ክፍሉን ሐሙስ ተቀበልና በየቀኑ ድምፅ አውጥተህ አንብበው፤ በዓይን ብቻ ያነበቡት ነገር መድረክ ላይ ይጠፋል። አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ ውሰድ፤ አትሩጥ። አስቸጋሪ ስሞችን ለብቻ በወረቀት ጽፈህ እየነጣጠልክ ተለማመዳቸው። መድረክ ላይ ብትሰናከልም ወደ ኋላ ተመልሰህ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ባልከው ቀጥል። ድምፅህን እንደ ሰባኪ አታስመስለው። ልቅሶ የሆነውን ክፍል እንደ ፉከራ፣ ተግሣጽ የሆነውንም እንደ ቀልድ እንዳታነብ ግን ምን እንደሚል ቀድመህ እወቅ። ማይክሮፎኑን ከአፍህ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ለአያትህ አንብብላትና የቱ ጋ እንዳልገባት ጠይቃት። እዚያች ቦታ ላይ እሑድ ቀስ ብለህ አንብብ።